ሃያ ደቂቃ

ሁካ ለምን ዝም አለ?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅኩት ከአብዱብ ቀብር በአራተኛው ቀን፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ግራር ሥር ነው። ጮክ ብዬ አይደለም፤ በሆዴ። ሁካ ከፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስልኩ በሰደሪያው ደረት ኪስ ውስጥ አለ፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ቅርጹ ይታየኛል። እዚያ ስልክ ውስጥ እሱን ነፃ የሚያወጣ፣ እኔን ደግሞ የሚያስጠይቅ አንድ መልእክት ነበር። አውጥቶ ማሳየት ብቻ ነው የቀረው። አላወጣም። ለምን እንደሆነ ያኔ መመለስ አልችልም ነበር።

ስሜ መክብብ ነው። አባቴ በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሸሽቶ የመጣ የጦር መኪና መካኒክ ነበር። እኔ የተወለድኩት እዚሁ በኬንያው ሞያሌ ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ አክስቴ በስደተኞች ሠፈራ ፊንላንድ ስትገባ እኔንም ይዛኝ ሄደች። እዚያ የድንገተኛ ሕክምና ተማርኩ፤ አምስት ዓመት አምቡላንስ ላይ ሠራሁ። ከዚያ ተመለስኩ። ለምን ተመለስክ ለሚለኝ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ከመልሶቼ አንዱም እውነት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እዚያ ሳለሁ ልቤ እዚህ ነበር። እዚህ ስመጣ ደግሞ በየሳምንቱ የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ አያለሁ።

ሥራ የሰጠኝ አንዲት ያረጀች አምቡላንስ ያለችው ትንሽ የእርዳታ ድርጅት ነው። ሹፌሯ ጆን የሚባል የሜሩ ሰው ነበር። አምቡላንሷ ለከተማውም፣ ለዳበልም፣ ለኦቦም፣ በመሃል ላሉት ሜዳዎችም አንድ እሷው ነበረች። በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ገባኝ፤ በዚህ አገር መኪና ሲገለበጥ ቀድሞ የሚደርሰው ሐኪም አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም። ቦዳቦዳ፣ ባለ ሞተር ታክሲው ነው። ስለዚህ ወደ ዳበል በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ የሚቆሙትን ሃያ ሁለት የሞተር ነጂዎች ማሠልጠን ጀመርኩ። አለቃቸው ሁካ ነበር።

ሁካ አማርኛውን የተማረው ከድንበሩ ማዶ ገበያ ነው። ፍጥነቱ እንደ ሞተሩ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርጎ ይጠራል።

"ዳክታሪ" ይለኛል።

"ዳክታሪ አይደለሁም።"

"ገባኝ፣ ዳክታሪ።"

ሥልጠናው የሚካሄደው በሞተሮቹ ጥላ መሃል ነው። ሁካ ቁስለኛ ሆኖ ይተኛል፤ ሌሎቹ ደም ማቆም፣ አፍ ማጽዳት ይለማመዱበታል። ኢብሳ የሚባለው ከሁሉም ወጣቱ፣ "ሁካ ሞቶም ቢሆን ያወራል፤ ሌላ ሬሳ ስጠን" ሲል ሁሉም ይስቃሉ። ሁካ ከመሬት ሳይነሳ፣ "አንተን ካገኙህማ ሳያዩህ ይቀብሩሃል" ይለዋል።

ከሁሉም በላይ ያስጠናኋቸው አንድ ትእዛዝ ነበር። ከከፍታ የወደቀ ወይም ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሰው ወገቡን ወይም አንገቱን ካመመው አትንኩት። አታንሱት፣ አታስቀምጡት፣ ሎሪ ላይ አትወርውሩት። ጠብቁ።

"ምን እንጠብቅ?" አለ ኢብሳ።

"እኔን።"

"እስከ ስንት?"

ሁካ ሳቀ። "ዳክታሪ፣ ይሄ እኮ ሞያሌ ነው። ሰው 'ደረስኩ' ሲል ገና ጫማውን እየፈለገ ነው።"

እውነቱን ነው። በሞያሌ በስልክ የሚነገር ደቂቃ በሦስት ይባዛል። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። አምስት ማለት ሩብ ሰዓት ነው፤ ሃያ ማለት አንድ ሰዓት። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም፤ የሚጠብቅህን ሰው ላለማስከፋት የሚደረግ ጨዋነት ነው። ሰሚውም በልቡ ያባዛና ራሱን ያዘጋጃል። ተናጋሪው አይዋሽም፣ ሰሚው አይታለልም።

እኔ ግን ይህን ልማድ ጠላሁት። ከአውሮፓ ይዤው የመጣሁት ሃይማኖት ሰዓት ነበር። "ከእኔ አፍ የወጣ ደቂቃ ደቂቃ ነው" አልኳቸው። አሥራ አምስት ካልኩ በአሥራ አምስት እደርሳለሁ፤ አንድ ሰዓት ከሆነ አንድ ሰዓት እላለሁ፤ ያኔ እናንተ ትወስናላችሁ። አላመኑኝም። በሰዓት ያዙኝ። ኢብሳ በእኔ መዘግየት ከጓደኞቹ ጋር ይወራረድ ነበር፤ ሁሌም ይሸነፋል። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልዋሸኋቸውም፤ ማባዛቱን ተዉት። ሁካ ለሌሎቹ ነጂዎች፣ "የእኛ ዳክታሪ ደቂቃው አይባዛም" እያለ ሲኩራራ ሰምቼዋለሁ። እኔም ኮራሁ። ስመለስ የሠራሁት የመጀመሪያ እውነተኛ ነገር መሰለኝ።

አትንኩት የሚለው ትእዛዝ ግን ከትምህርት ቤት ብቻ የመጣ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ የአባቴ ጓደኛ ቱፋ፣ የሎሪ ሹፌር፣ ቱርቢ ሜዳ ላይ ተገለበጠ። ያገኙት ሰዎች አራት ሆነው እጅና እግሩን ይዘው የባቄላ ጆንያ ላይ ወረወሩት። ከዚያ በኋላ አልተራመደም። ከቤታችን አጠገብ ፍራሽ ላይ አራት ዓመት ኖሮ ሞተ። ፊንላንድ መምህሬ ስለ አከርካሪ ሲያስተምረን የታየኝ ቱፋ ነበር፤ ያነሱት ሰዎች ናቸው የሰበሩት ብዬ ደመደምኩ። ወገቡ ሲገለበጥ ተሰብሮ ይሁን ሲያነሱት፣ ማንም አያውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። እርግጠኛ መሆን ይሻለኝ ነበር።

አብዱብ የፍየል ነጋዴ ነበር። የመጣው ከኢትዮጵያው በኩል ነው፤ ሚስቱ ራቢዓ ጫማና ጨርቅ የምትሸጥበት ሱቅ ከከፈተች ወዲህ፣ እሱ ፍየል ከዳበል እየገዛ ሞያሌ ይሸጥ ነበር። ከልጅነቴ ያውቀኝ ነበር። የተገለበጠው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ፒክአፑ ላይ አሥራ ስምንት ፍየል ጭኖ ሲመለስ ጎማው ፈነዳ።

ያን ቀን ገና ሌሊት ሳለ እኔና ጆን አንዲት ምጥ የጠናባትን እናት ማርሳቢት ወስደን ነበር። አምቡላንሷ ከተማ ውስጥ አለመኖሯን ለነጂዎቹ በዋትስአፕ ቡድናችን መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ለሰባት ወር "እኔን ጠብቁ" ስል ከርሜ፣ እኔ የለሁም ማለት አሳፈረኝ። እስክንመለስማ ማን ይገለበጣል ብዬ ተውኩት።

እናትየዋን አድርሰን እየተመለስን ነበር። የኦቦን መታጠፊያ ገና አላለፍንም። ስልኬ ኔትዎርክ እንዳገኘ የሁካ መልእክት ገባ።

"ዳክታሪ አብዱብ ተገለበጠ። ያወራል። ወገቡ ታመመ ይላል። እዚህ ሎሪ አለ፣ ባቄላ የጫነ። ሹፌሩ ልውሰደው ይላል። እንጫነው?"

የባቄላ ጆንያ። ሌላ ነገር አላየሁም።

"እግሩን ያንቀሳቅሳል?" ብዬ ጻፍኩ።

"አንዱን። ሌላው ሲያመው ይጮሃል። እንጫነው ወይ?"

ከእኛ እስከ እነሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ሎሪው ከዚያ ቦታ ሆስፒታል የሚደርሰው በግማሽ ሰዓት ነው። ይህን አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግራቸው እንደሚጭኑትም አውቅ ነበር። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ። የሚንጠለጠለው ወገቡ ታየኝ።

"አትንኩት። 20 ደቂቃ" ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

ጆን አጮልቆ አይቶ ነበር። አማርኛ ባያነብም ቁጥር ያነባል። "ኢሺሪኒ?" አለኝ፣ ሃያ ማለቱ ነው። "ይሄ መኪና ነው ወይስ አውሮፕላን?"

"ንዳው።"

"እየነዳሁ ነው። ሃያ ግን አይሆንም።"

"አውቃለሁ።"

ማርሽ ቀየረና፣ "እኔ በየቀኑ ለሚስቴ የምዋሸውን አንተ ዛሬ ጀመርክ" አለ። አልቀለደም።

ኔትዎርኩ ጠፋ። ከሃያ ስድስት ደቂቃ በኋላ አንድ መልእክት ገባልኝ፤ "ዳክታሪ?" ይላል። "ደረስን" ብዬ መለስኩ። ያም ውሸት ነበር። አልሄደለትም፤ ምልክቱ አንድ ሆኖ ቀረ። በኋላ ኢብሳ እንደነገረኝ፣ ያኔ ሎሪው ሄዷል። ሹፌሩ ሩብ ሰዓት ጠብቆ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቆ፣ ሁለት ጊዜ እንቢ ብለውት ነው የሄደው። ኢብሳ ራሱ፣ "ባይሆን በሁለት ሞተር ጣውላ አጋድመን እንውሰደው" ብሎ ነበር። ሁካ አስቆመው። "ዳክታሪ ሃያ ብሏል። የእሱ ሃያ ሃያ ነው" አለው።

ሌላ ማንም ሰው ሃያ ቢላቸው ኖሮ በልባቸው አባዝተው፣ አንድ ሰዓት ነው ብለው፣ አብዱብን ባቄላው ላይ ይጭኑት ነበር። ውሸቴን ያመኑት ከሞያሌ ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ስለማልዋሽ ነው።

የደረስነው በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ከነጂዎቹ አሥራ ሁለቱ አብዱብን ከበው ቆመው ነበር። ሰደሪያቸውን አውልቀው፣ ሽርጣቸውን ፈትተው፣ በክንዳቸው ዘርግተው ጥላ ሠርተውለታል። አንድም እጅ አልነካውም። ልክ እንዳስተማርኳቸው። ውሃ ሲጠይቅ ከንፈሩን ብቻ አርሰውለታል፤ ያንንም አስተምሬያቸዋለሁ። አሥራ ስምንቱ ፍየሎች አንድ ሳይቀሩ ተሰብስበው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ታስረዋል። ሰውየውን መንካት ሲከለከሉ እጃቸው ሌላ ሥራ ፈልጎ ነው።

አብዱብ ፊቱ አመድ መስሏል። ላቡ ቀዝቅዟል። የእጁን ደም ሥር ስይዘው ትርታው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር።

"መኬ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የፈረንጅ ሃያ እንዲህ ነው እንዴ የሚረዝመው?"

ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ አዘዝኩት። የሁለቱንም እግር ጣቶች አንቀሳቀሰ። አከርካሪው ደህና ነበር። የተሰበረው ዳሌው ነው፤ ደሙ ሁሉ ወደ ሆዱ ሲፈስስ ቆይቷል። ዳሌውን በአንሶላ አሰርኩት፣ መርፌ ተከልኩ፣ በቃሬዛ አነሳነው። በጥንቃቄ፣ እንደ መጽሐፉ። የሞያሌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች መታየት ሲጀምሩ እጄን ጨበጠ፤ ከተማ ከመግባታችን በፊት ለቀቀው።

ሆስፒታል የተቀበለን ሰው ሆዱን ዳሰሰና፣ "ቀድሞ ቢደርስ ደም ነበረን" አለ። ቀጥሎ ሰዓቱን ጻፈ።

በአራተኛው ቀን የአብዱብ ቤተሰብ ሽማግሌ አስቀመጠ። የሎሪው ሹፌር ቀርቦ እንዳየው ተናገረ። ከዚያ የአብዱብ ወንድም ዋሪዮ ተነሳ።

"ወንድሜን ከበው ቆሙ" አለ። "አሥራ ሁለት ጎረምሳ። መኪና ቆሞላቸው ከለከሉ። ፍየሎቹን ግን ሰብስበዋል። ለፍየል እጅ ነበራቸው።"

ሰብሳቢው ሽማግሌ ቱሪ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ የተማርክ ነህ። አለመንካታቸው ልክ ነው?"

"በትምህርቱ ልክ ነው፣ አባቴ። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ከተነሳ ..." ብዬ ጀመርኩ። ስለ አከርካሪ ብዙ አወራሁ። ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ድምፄ የተረጋጋ ነበር። የምናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ የሚፈለገውን አንዱን እውነት ብቻ ዘለልኩት።

ሽማግሌ ቱሪ እስክጨርስ ጠበቁኝና ወደ ሁካ ዞሩ። "ልጄ፣ መቼም ሰው ያለ ነገር አይቆምም። እየመጣሁ ነው፣ ቅርብ ነኝ ያላችሁ ሰው ነበረ?"

ሁካ አየኝ። ብዙ አይደለም። መንገድ ሊያቋርጥ እንደሚያይ ሰው ያህል።

"የለም" አለ። "እኛው ነን የወሰንነው። እኔ ነኝ የወሰንኩት።"

ኢብሳ አፉን ሊከፍት ሲል ሁካ ጉልበቱን ያዘው። እኔ አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ነበር፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው ተናገረ፣ ከዚያ ሌላ፣ ነገሩ አለፈ። ቤተሰቡ ይቅር እስኪል ድረስ ሁካ ከአለቃነቱ እንዲወርድ፣ በዳበል መንገድም ሰው እንዳይጭን ተወሰነ። የነጂነት ሰደሪያውን አውልቆ አጣጠፈና ሽማግሌው እግር ሥር አኖረው። በማግስቱ ሞተሩን ይዞ ወደ ኢሲዮሎ ሄደ ተባለ።

ሁለት ሳምንት አልተኛሁም። ቲኬቱንም አየሁት፤ ዋጋው ረክሷል። በመጨረሻ አብራኝ የምትኖረውን እናቴን ይዤ ራቢዓ ቤት ሄድኩ። የባሏን ዒዳ፣ የመበለትነቷን የኀዘን ወራት፣ እየጠበቀች ስለሆነ ከቤት አትወጣም፤ ባዕድ ወንድ ፊትም አትቀመጥም። እናቴ ከእሷ ጋር መጋረጃ ውስጥ ገባች፤ እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ ራቢዓ" አልኩ ወደ ጨርቁ። "ሃያ ደቂቃ ያልኩት እኔ ነኝ። ገና ከኦቦ ወዲያ ነበርኩ። አውቄ ነው የዋሸሁት።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ሁካ። በቀብሩ ማግስት መጥቶ ስልኩን በመጋረጃው ሥር አሳለፈልኝ። አነበብኩት።"

"ታዲያ ለምን ለሽማግሌዎቹ ..."

"እኔም አሳያቸው ብዬው ነበር። 'ዳክታሪውን ካባረሩት መኪናዋም ትሄዳለች፤ ሌላ የሚመጣልን የለም' አለኝ። 'ድሮ ሬሳ ነበር የምንጭነው፤ አሁን ባይሆን አንዳንዱ ይተርፋል' አለኝ። ልጆቼ በዚያው መንገድ ነው የሚመላለሱት። እሺ አልኩት። ለአንተ ብለን እንዳይመስልህ፣ መኬ።"

"እናገራለሁ። ሽማግሌ ቱሪ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ።"

"ተናገር። አለዚያም ዝም በል። እኔን ግን አታስፈቅደኝ፤ እኔ ባል ነው የሞተብኝ።"

እናቴ ስትወጣ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። እራት አቀረበችልኝ፤ እጅ አስታጠበችኝ፤ እንግዳ እንደሚስተናገድ።

አምቡላንሷ አሁንም ትሠራለች። እኔም እሠራለሁ። ነጂዎቹ ይደውሉልኛል፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አይጠይቁኝም። ብነግራቸውም ያባዙታል። ያገኙትን ቁስለኛ ባገኙት ሎሪ ጭነው ይልካሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በጨው ጆንያ ላይ ተጭና ሆስፒታል ደረሰች። በሕይወት ናት። ከአንገቷ በታች ግን አይሰማትም። ሲያነሷት ይሁን ስትወድቅ፣ አልጠየቅኩም። ኢብሳ ከሆስፒታሉ በር ቆሞ ነበር። "ዳክታሪ፣ አመጣናት" አለኝ፤ ሰላምታ አልጨመረም።

ሽማግሌ ቱሪ ዘንድ እስካሁን አልሄድኩም። መንገዱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ የማይባዛ አሥር ደቂቃ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ከገበያው ተመልሻለሁ። አንዴ ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ፣ አንዴ ያለ ምክንያት። ትናንት ረፋድ ላይ አምቡላንሷ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለሁካ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ሁካ፣ ራቢዓ ነገረችኝ። ሃያ ያልኩት እኔ መሆኔን ለሽማግሌ ቱሪ ልነግራቸው ነው። አንተ ተመልሰህ ሰደሪያህን ትለብሳለህ። ግን ዝም ያልክበትን ነገር ያበላሽብኛል የምትል ከሆነ እተወዋለሁ። ምን ትላለህ?"

አነበብኩት። ከ"ግን" ጀምሮ ያለው መኖር እንዳልነበረበት ገብቶኛል። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አኖርኩ። ከዚያ አንስቼ እንዳለ ላክሁት።

አንድ ምልክት ሆነ፤ ሁለት ሆነ፤ ሰማያዊ ሆነ። ከስሙ ሥር "እየጻፈ ነው" የሚለው ብቅ አለና ጠፋ። እንደገና ብቅ አለና ጠፋ። ጆን የሞተሩን ዘይት ለክቶ ክዳኑን ዘጋ፤ የምሳ ሰዓት አለፈ፤ የስልኬ ባትሪ ወደ ማለቁ ደረሰ። ምንም አልመጣም።